የጓያው እንፋሎት

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ኮምቦልቻ አንድ ወጣት ሐኪም ጉልበቴን በጎማ መዶሻ መታኝ። የመታኝ በደግ ነው። የእግሬ ጣቶች ከረመዳን ወዲህ እየደነዘዙ፣ ጫማ አጥልቄ ልሁን ባዶ እግሬን ልሁን እስኪጠፋኝ ድረስ አስቸግረውኝ ነበር። «ስኳር ሳይሆን አይቀርም» ብለው ያስፈራሩኝ ጎረቤቶቼ ናቸው ክሊኒክ የላኩኝ። ሐኪሙ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጦኝ፣ እግሬ እንዲንጠለጠል አድርጎ፣ ከጉልበቴ ሎሚ ዝቅ ብሎ ጠቅ አደረገኝ። እግሬ ስሙ እንደተጠራ ሰነፍ ተማሪ ትንሽ አሰበና ትንሽ ተነሳ።

«ጥሩ ነው ቲቸር» አለኝ። ልጁ ከብዙ ዓመት በፊት ተማሪዬ ነበር። ስሙን ለማስታወስ ስታገል እሱ ካርዱን ስቦ ይጠይቀኝ ጀመር። ዕድሜዬን፣ የምወስደውን መድኃኒት፣ ከዚያም «በቤተሰብዎ ውስጥ የእግር ወይም የነርቭ ሕመም የነበረበት ሰው አለ?»

«የለም» አልኩት።

ወንድሜ ሰይድ በዚያች ደቂቃ ከክሊኒኩ ሩብ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ፣ ሁለት ዱላዎቹን ግድግዳ አስደግፎ ተቀምጦ ነበር። ለምን እንደዋሸሁ እኔ አውቀዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ከዋሸሁት ሁሉ ትንሹ ይሄ ነው።

ያደግነው ኩታበር ነው፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት ደጋ ላይ። አባቴ፣ እናቴ፣ ሰይድና እኔ፣ አራት ነበርን። ሰይድ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። እሱ ከአባቴ ጋር እርሻ ላይ ቀረ፤ እኔን ግን አባቴ «አንቺ ጭንቅላት አለሽ» ብሎ ደሴ ሰደደኝ። ያን ጊዜ ሴት ልጅን ከገጠር አውጥቶ ከተማ ማስተማር አገር የሚያወራበት ነገር ነበር። አባቴ አገሩ ያውራ አለ።

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ፣ አያታቸው ከየመን የመጡ አንዲት ነጋዴ ሴት ግቢ ውስጥ፣ ከጨው መጋዘኑ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም በበሩ ሥር ገብቶ ከእኔ ጋር ያድራል። ስንቄን የሚያመጣልኝ ሰይድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከኩታበር ይነሳና የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ሳይደርስ ሰኞ ገበያ ይገባል። የገብስ ዳቦ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ አንዳንዴ በቅል የተሞላ አይብ። አረማመዱን ከገበያው ግርግር መካከል ከሩቅ እለየው ነበር። ሰው ሁሉ መሬቱን ሲረግጥ እሱ ነካ ነካ አድርጎ የሚያልፍ ይመስላል። ስንቁን ያወርዳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይሰግዳል፣ በዚያው ቀን ይመለሳል። እኔ የተማርኩት በሰይድ እግር ነው። እግሩ ባይኖር አንድ ወር አልቆይም ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ መምህር ግርማ የሚባል የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረን። ቀጭን ነው፣ ካፖርቱን በጋም አያወልቅም። ከሰሌዳው በላይ የተሰቀሉት ሦስቱ ጢማም ሶሻሊስቶች እያዩት፣ አንድ ቀን በጠመኔ አንድ ነገር ሣለ። በአንዱ ጫፍ ክብ አለ፤ ከክቡ ዙሪያ ብዙ ቀጫጭን ሥሮች ይወጣሉ፤ ከዚያ አንድ ረጅም ክር ይወርድና ጫፉ ላይ እንደገና ይበታተናል።

«የነርቭ ሕዋስ ይህ ነው» አለ። «ሥሮቹ ወሬ ይቀበላሉ። ክቡ ሕዋሱን ያኖረዋል። ረጅሙ ክር ወሬውን ያደርሳል። ጫፉ ከሚቀጥለው ሕዋስ ጋር አይነካካም። በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት አለ፤ ወሬው ያንን ክፍተት በኬሚካል ይሻገራል።» ከዚያ ካፖርቱን ሰብሰብ አድርጎ እግሩን ከወለሉ አነሳ። «ይህን ለማድረግ ሁለት ሕዋስ ይበቃል። አንዱ ከአንጎል ተነስቶ በህብለ ሰረሰር ውስጥ እስከ ወገብ ይወርዳል። ሁለተኛው ከዚያ ተቀብሎ እግር ድረስ ያደርሳል። ክሩ ይህን ያህል ይረዝማል፣ ግን ከመቅጠኑ የተነሣ ዓይን አያየውም።» እግሩን መልሶ አስቀመጠ። «ቆዳ ቢላጥ ይተካል። አጥንት ቢሰበር ይጋጠማል። ይሄኛው ከሞተ ግን ሞተ ነው።»

እኔ በዚያ ሥዕል ፍቅር ያዘኝ። ደብተሬ ላይ ሥሮቹን በአረንጓዴ፣ ክቡን በቀይ፣ ክሩን በሰማያዊ ስክሪፕቶ ሣልኩት። ቅዳሜ ሰይድ ሲመጣ ደብተሩ ተከፍቶ አገኘውና ጎንበስ አለበት።

«ይሄ ማሽላ ነው እንዴ?»

«ነርቭ ነው።»

«ከነሥሩ ነቅለው ያጋደሙት ማሽላ ነው እንጂ ወላሂ! ሥሩ ይሄው፣ አገዳው ይሄው።»

«አንተ እግር ውስጥም አለ» አልኩት።

እግሩን አንስቶ አገላብጦ አየው። «ታዲያ ስንት ኩንታል ይወጣዋል?»

ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ያ ሳቅ አሁን ድረስ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ባይኖር ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት በልጉ አልዘነበም። ሰኔ ላይ ትምህርት ተዘግቶ አገር ቤት ስመለስ ማሳው ግራጫ ሆኖ ጠበቀኝ። እኔ ግን ሌላ ጉዳይ ይዤ ነበር የሄድኩት፤ ለመሠረተ ትምህርት ተመድቤ የአገሬን ሰው ፊደል ላስቆጥር። አባቴን የሚያህሉ ሰዎች እርፍ የለመደ ጣታቸውን እርሳስ ላይ አጥፈው «አስተማሪ፣ ይሄስ ትክክል ነው?» ይሉኛል። ሽማግሌ ቆሞ ያሳልፈኛል። ገና አሥረኛ ክፍልን የጨረስኩ ልጅ ነኝ። ያ ክብር ራሴ ላይ ወጣ፤ ኋላ ለሠራሁት ሌላ ምክንያት ባገኝ ደስ ባለኝ፣ ግን ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጓያን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ከአተርና ከሽምብራ ወገን የሆነ ጥራጥሬ ነው። ሌላው ሁሉ በድርቅ ሲቃጠል እሱ ይቆማል። ሽሮው ይጥማል፣ ንፍሮው ይጥማል፣ ቂጣው ይጥማል። ክፋቱ ሰው ይሰብራል። በኛ አገር «ጓያ የሰበረው» የሚባል ሰው በየመንደሩ አለ፤ ጉልበቶቹን አጣብቆ፣ በእግሩ ጣቶች ጫፍ፣ በዱላ የሚሄድ። ሆኖም ሰው ሁሉ የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ እናቶቻችን ጓያ ሲቀቅሉ በሩን ወለል አድርገው ይከፍታሉ፣ ልጆችን ያስወጣሉ፣ ክዳኑን ሲያነሱ ፊታቸውን ያዞራሉ። በጓያ ገለባ ላይ አይተኛም። ጤዛ ሳይረግፍ ማሳው ውስጥ አይገባም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሲያበቃ ጓያው ይበላል።

በደህናው ጊዜ ከገብስ ጋር ተደባልቆ፣ አልፎ አልፎ ነበር የምንበላው። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን አባቴ ደጅ ላይ ጠራኝ። ሁለቱ በሬዎች ከፊቱ ታስረው ያመነዥካሉ፤ እናቴና ሰይድም እዚያው ነበሩ።

«ሉባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ። ሹም የሚያናግር ነበር የሚመስለው። «ገብሱ አልቋል ማለት ይቻላል። የቀረን ጎተራ ሙሉ ጓያ ነው። አንዱን በሬ ሸጬ ማሽላ ልሸምት? ወይስ ጓያውን ብቻውን እየበላን ይህን ዓመት እንግፋው? ሰው ይሰብራል ይሉታል። ትምህርቱ ምን ይላል?»

ትምህርቱ ምንም አይልም። ስለ ጓያ አንድ ቃል ያስተማረኝ የለም። አላውቅም ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፣ ይህን አላህ ያውቃል። ግን እናቴ እያየችኝ ነበር፣ ሰይድ እያየኝ ነበር፣ አባቴ ስንት ዓመት የከፈለበትን ትምህርት አንድ ቀን ሊጠቀምበት ከፊቴ ቆሟል። አላውቅም ማለት አቃተኝ።

«አባ፣ መርዝ ካለው በሙቀት ይተናል» አልኩ። «እንፋሎቱ ነው የሚባለው እውነት ነው፣ ሳይንሱም ይደግፈዋል። በሩን ከፍታችሁ በደንብ አብስላችሁ እንፋሎቱን ካስወጣችሁት፣ የሚቀረው ምግብ ብቻ ነው። ምንም አይላችሁም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ አባቴ፣ ከላዩ ሸክም የወረደለት ይመስል። በሬው አልተሸጠም። ታኅሣሥ ላይ ሳር አጥቶ ሞተ፤ እሱንም ልንገራችሁ ብዬ ነው።

መስከረም ላይ ደሴ ተመለስኩ። ለአብዮቱ በዓል የተሰቀለው ቀይ ጨርቅ በየበሩ ይውለበለባል፤ ከሥሩ ከሰሜን የመጡ ሰዎች ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ ከተቀመጡበት አይነሱም። ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። እኛ ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ሰይድም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ስንቁ አንሷል፣ ግን አሁንም ገብስ ነው። ገብሱ አልቋል የተባለው ሐምሌ ላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከየት መጣ ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ሆድ ሲሞላ መጠየቅ ይረሳል።

ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ዳቦውን ቆርሼ ዘረጋሁለት። እጄን መልሶ ከጋቢው እጥፋት ውስጥ ደረቅ ቂጣ አወጣ። ሽታው የጓያ ነው።

«አንቺ ብይ። እኔ ገብስ ሆዴን ይነፋኛል።»

«ገብስ? አንተን?»

«አድጌ ነው መሰል» አለና ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አይቶ «አብሽሪ፣ እማ በሩን ከፍታ ነው የምትጋግረው» አለኝ።

እኔም ዳቦዬን በላሁ።

ኅዳር ሲገባ አንድ ቅዳሜ ዙሁር አልፎ አሱር ሲቃረብ መጣ። በገበያው መካከል ሲመጣ እያየሁት አላወቅኩትም። ጉልበቶቹ ይጋጫሉ፣ ተረከዙ መሬት አይነካም፤ የበረባሶው አፍንጫ መንገዱ ላይ እየተጎተተ ተበልቷል። «ብርድ መታኝ፣ ቁርጥማት ነው» አለኝ። በሶውን አወረደና ሲመለስ ቆሜ አየሁት። ሰው ሁሉ ያልፈው ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። እሑድ ጠዋት ያን መንገድ በራሴ እግር ያዝኩት። የግማሽ ቀን መንገድ መሆኑን ባውቅም፣ ደርሶ መልስ ምን እንደሚመስል እስከዚያ ቀን አላሰብኩትም ነበር።

ሰይድን የቤቱን ምሰሶ ይዞ ቆሞ አገኘሁት። እናቴ እንዳየችኝ ነጠላዋን አፏ ላይ ጨምቃ አለቀሰች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት ሉባባ» አለች። «አፈሳ መጣ ብለው ከታች ጮሁ። ልጄን ለውትድርና ይወስዱብኛል ብዬ በሩን ዘጋሁት። ከምድጃው ጎን አስቀመጥኩት። ድስቱ ይፈላ ነበር፣ ጓያ ነበር። እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። እሱ ያስለዋል፣ እኔ እንዳይሰሙት አፉን እይዛለሁ። ያ ረቢ! ከወታደር አዳንኩት ብዬ በገዛ እጄ ሰበርኩት።»

እኔም አመንኳት። እንዲያውም፣ አሁን ማንም ስለማይሰማኝ ልናገረው፣ ጥቂት ቀለል አለኝ። እኔ በሩን ክፈቱ ብዬ ነበር፤ እሷ ዘጋችው። እንደዚህ ብዬ አስቤያለሁ።

ታኅሣሥ ላይ የእርዳታ ስንዴ ኩታበር ገባ። ሁለት ወር ቀድሞ ቢገባ ብዬ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ አልቆጥረውም። ስንዴውን አራግፎ ባዶውን በሚመለስ መኪና ሰይድን ጭኜ ደሴ አወረድኩት። በመንገዱ ሁሉ የመኪናውን ሳንቃ ይዞ ቆሞ ያችን በእግሩ ያለፋትን አገር ያያት ነበር። 

ደሴ ሆስፒታል ያዩት ሐኪም ሸምገል ያሉ፣ ዓይናቸው እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበሩ። ሰይድን ዓይኑን አስጨፍነው ውስጥ እግሩን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። እያንዳንዷን አወቃት። «ጉንዳን ሲሄድብኝ እንኳ ይሰማኛል ዶክተር። መስማቱን ይሰማል፣ መታዘዙን ነው እንቢ ያለኝ» አላቸው። ከዚያ ጎማ መዶሻቸውን አነሱና ከጉልበቱ ሎሚ በታች መቱት።

እግሩ ተወነጨፈ። ሐኪሙ ገለል ባይሉ ይመታቸው ነበር። ሌላውንም መቱት፣ እሱም ተወነጨፈ፤ ከተወነጨፈም በኋላ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እኔ አጨበጨብኩ። «አየህ ሰይድዬ! ሕያው ነው! ነርቩ ሕያው ነው!» አልኩ። ሰይድም ከአንድ ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ጥርሱ ሁሉ ታየ። ሐኪሙ አልሳቁም። ልብሱን እንዲለብስ ነግረውት እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠሩኝ።

«ተማሪ ነሽ?»

«አዎ ዶክተር። ነርቭ ተምረናል።»

«እንግዲያው ይገባሻል» አሉ። «ከወገብ ወደ እግር የሚሄደው ሕዋስ ደህና ነው። ስመታው ወሬው ወገቡ ድረስ ሄዶ ይመለስና ይዘላል። የሞተው ከአንጎል የሚወርደው ነው። የእሱ ሥራ ማዘዝ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ የታችኛውን ረጋ በል የሚለውም እሱ ነው። ከላይ የሚይዘው ስለሌለ ነው እንዲህ የሚዘልለው። ያጨበጨብሽለት በሽታውን ነው ልጄ።»

«ይድናል?»

«አይድንም። ጓያውን ካቆመ ከዚህ ላይብስበት ይችላል። ስንት ወር በላው?»

«እንፋሎቱ ነው ዶክተር፤ አንድ ቀን በር ተዘግቶበት…»

«እንፋሎት ማንንም ሰብሮ አያውቅም» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «እህሉ ነው። ብቻውን፣ በየቀኑ፣ ለወራት ሲበላ። ከሌላ እህል ጋር ቢቀላቅሉት ኖሮ ምናልባት…» ምናልባት ብለው ተዉት።

ማሽላ ማለታቸው ነበር። አባቴ ሊሸምት የነበረውን ማሽላ።

«አባቴም እናቴም በልተዋል። ለምን እሱን ብቻ?»

«ወጣት ወንዶችን ይበልጥ ይይዛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

አላውቅም አሉ። እንደዚህ በቀላሉ፣ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ በዚያ ሁሉ ትምህርታቸው። ያችን ቃል ከአፋቸው ስሰማ ኮሪደሩ ላይ ቁጢጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ሐምሌ ላይ ከእኔ የተፈለገው ይህችው ነበረች።

በዚያ ሳምንት ሰይድ ከጨው መጋዘኑ ጀርባ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሰነበተ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ያን ደብተር ጭኑ ላይ ዘርግቶታል።

«የቱ ጋ ነው የተቆረጠብኝ?» አለኝ።

ሰማያዊውን ክር ጫፉ አካባቢ በጣቴ ነካሁት። «ረጅሙ ላይ። እግር የሚያዘው እሱ ስለሆነ።»

«አያቆጠቁጥም?»

«አያቆጠቁጥም።»

«ማሽላ እንኳ ታጭዶ ያቆጠቁጣል እኮ።»

 ደብተሩን ዘግቶ ሰጠኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ኩታበር ስመልሰው እናቴ ደጅ ላይ ጠበቀችን። «ሐኪሙ ምን አለ? እንፋሎቱ ነው አይደል?» አለችኝ። አባቴ ከኋላዋ ቆሟል። እህሉ ነው ብል የሚቀጥለው ጥያቄ ማን ብሉ አለን ነው። አባቴ ላይጠይቀኝ ይችል ነበር። የእሱ አለመጠየቅ ግን ከመጠየቁ ይብስብኝ ነበር።

«ነርቭ ነው አሉ» አልኩ። «ጓያ ከእንግዲህ ቤታችን አይግባ። እንፋሎቱ እንዳያገረሽበት።»

እናቴ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወዲህ ቀና ስትል አላየኋትም። ጎረቤቶቿ ሊያጽናኗት «አልሐምዱሊላህ በይ፣ ከእንግዲህ ለውትድርና አይወስዱብሽም» ይሏት ነበር። እውነታቸውን ነው። አፋሾቹ እንደገና መጡ፣ ሰይድን ምሰሶው ሥር አዩት፣ አለፉ። አባቴም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። አንድም ቀን «አንቺ ነሽ ያልሽን» ብሎኝ አያውቅም።

እኔ በባዮሎጂ ሰልጥኜ ኮምቦልቻ አስተማሪ ሆንኩ። በመጀመሪያው ዓመት የነርቭ ሕዋስ ምዕራፍ ሲደርስ ያን ማሽላ የመሰለ ነገር ሰሌዳው ላይ ሣልኩና፣ ሳላስበው ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። «ጓያ የሚሰብረው በእንፋሎቱ አይደለም! እህሉ ነው! ብቻውን አትብሉት! ለእናቶቻችሁ ንገሩ!» ብዬ ጮህኩ። ልጆቹ ደንግጠው ጻፉት። በየዓመቱ እንዲሁ እጮህ ነበር።

ደርግ ሊወድቅ አንድ ክረምት ሲቀረው እናቴ ታመመች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰይድ በዱላዎቹ እየተጎተተ መጥቶ በእግሯ በኩል ተቀመጠ። እጇን ዘርግታ ጉልበቱን ዳሰሰችው።

«ሰይዶ፣ ልጄ» አለች። «በሩን ስለዘጋሁት አፉ በለኝ።»

«አፉ ብዬሻለሁ እማ።»

«እንፋሎቱን ረስቼው ነው። ወታደሮቹን ፈርቼ።»

«አፉ ብዬሻለሁ። በቃ አትድከሚ።»

እኔ በመካከላቸው ነበርኩ። በዚያው ዓመት ለክፍል ሙሉ ልጆች የጮህኩትን አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌን ከፈትኩ። ከአንጎሌ የተነሣው ወሬ እስከ ምላሴ ደርሶ ነበር፤ የሞተ ነርቭ የለብኝም። እኔ ነኝ መልሼ የዋጥኩት። እናቴ በማግስቱ ሞተች።

ከቀብሯ በኋላ ሰይድን ወደ ኮምቦልቻ አመጣሁት። ብርዱ ጡንቻውን ስለሚያኮማትረው ቆላው ይሻለዋል ብዬ ነው፤ ሌላውም ምክንያት አይጠፋችሁም። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ በመስኮቱ የገባው ሙቅ አየር ፊቱን ሲነካው ዓይኑን እንደጨፈነ ትዝ ይለኛል። በእጅ የሚዞር የልብስ ስፌት መኪና ገዛሁለት፣ የእግሩ ለእሱ አይሆንምና። ልብስ ሰፊ ሆነ፣ አገባ፣ ፋጡማን ወለደ። ሚስቱ ከሞተች፣ ልጁም ካገባች ወዲህ አብረን እንኖራለን፤ ሁለት ሽማግሌዎች።

ባለፈው ሳምንት ከክሊኒኩ ልወጣ ስል ያ ሐኪም በሩ ድረስ ሸኘኝ። «ቲቸር፣ እኔኮ ነርቭን የወደድኩት በእርስዎ ነው» አለኝ። «ጠረጴዛውን መትተው እንፋሎቱ አይደለም ሲሉ፣ ያን ቀን ቤቴ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ጓያ ብቻውን መቀቀል ተወች።»

አላህ ይስጥህ አልኩት። ካርዱ ላይ «የለም» እንደተጻፈ ትቼው ወጣሁ።

ሰይድ በረንዳው ላይ ጠበቀኝ።

«ምን አሉሽ?»

«የስኳር ምርመራ አዘዙልኝ።»

«ጉልበትሽን መቱሽ?»

«መቱኝ።»

«ዘለለ?»

«ትንሽ።»

«የኔ ይሻላል» አለና ሳቀ። ጥርሶቹ ጥቂት ቀርተዋል፣ ሳቁ ግን ያው ነው። እኔ አልሳቅኩም። አጠገቡ ቁጭ አልኩና አርባ ዓመት የያዝኩትን ጀመርኩ።

«ሰይድዬ፣ ያን ክረምት አባ ሲጠይቀኝ፣ ስለ እንፋሎቱ የነገርኳችሁ…»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ፋጡማ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ደብተሯን አሳይታኛለች። እህሉ ነው ብለሽ አጽፈሻቸዋል።»

ፋጡማ አሁን የልጆች እናት ናት። ስንት ዓመት እንደሆነ ማስላት ጀምሬ ተውኩት።

«ለምን ዝም አልከኝ?»

 «ለኔ ምን ይለውጣል? እግሩ ያው ነው» አለ። «እማ ናት መስማት የነበረባት።»

 የዙሁር አዛን ተሰማ። ዱላዎቹን ከግድግዳው አንስቼ አቀበልኩት፣ በብብቱ ደግፌ አስነሳሁት፣ ለሶላቱ ሊታጠብ ወደ ውዱእ ውሃው ሄደ።